አባቴን ባህር ዛፉን አስሸጬ አዲስ ሥራ ልግባ?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በብድር ባለሙያነት ከተቀጠርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ግብር ተቆርጦ በወር 24,000 ብር እጄ ይገባል። ከዚህ ላይ 5,000 ብር ለወላጆቼና 12ኛ ክፍል ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ እልካለሁ።

በቅርቡ እዚሁ ከተማችን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስልጠና ነበር። ንግግር ያደረገልን ውጭ አገር ረጅም ዓመት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ማለትም ከብዙ ሰው ተሰብስቦ አክሲዮንና ሌላ ሀብት የሚገዛበት ገንዘብ፣ ሲያስተዳድር የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለ ሥራ ሕይወቱ ሲያጫውተን ሦስት ነገር ደጋግሞ ነገረን። ስጋት ያልተቀበለ ሰው ትርፍ አይጠብቅ አለን። በወጣትነቱ የወደቀ ለመነሣት ዕድሜ አለው አለን። በምትሠሩበት ቦታ የራሳችሁን ገንዘብ አስገቡ፣ ያን ጊዜ ከልባችሁ ትሠራላችሁ አለን። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ውስጥ በቅርቡ የተቋቋመ አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ለሥራ ጠራኝ። ቋሚ ደመወዙ 14,000 ብር ነው፤ ሌላው በኮሚሽን ነው። «ጎበዝ ከሆንሽ 60,000 ትደርሻለሽ» ብለውኛል። ነገር ግን ከመሥራች ሠራተኞች ጋር ለመቆጠር የ500,000 ብር አክሲዮን መግዛት አለብኝ። «ጥሩ ጥሩ ደንበኞችሽንም ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ያለኝ ቁጠባ 280,000 ብር ነው። አባቴ ነገሩን ሲሰማ «ባህር ዛፉን ሸጬ 150,000 እሞላልሻለሁ፤ ለማን ብዬ ነው ያሳደግኩት» አለኝ። የቀረውን 70,000 ጓደኛዬ ከዕቁቧ ላበድርሽ ብላለች።

እጮኛዬ እዚሁ ከተማ መምህር ነው። «የባንክ ሥራ ለቀሽ ወዴት ነው?» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ፈሪ ለእናቱ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቱን ልንገርዎትና ባንኩ ሰልችቶኛል። ብቀር ይቆጨኛል፤ ብሄድና ቢበላሽ ደግሞ የአባቴን ፊት እንዴት አያለሁ? መልስ እንድሰጥ የጠየቁኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፤

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ብዙ ሰው ገንዘብ ያለበትን ጭንቀቱን ሲነግረኝ ብሩን ይደብቅና ስሜቱን ብቻ ይልክልኛል። አንቺ ግን የብድር ባለሙያ እጅ ያለበት ደብዳቤ ነው የጻፍሽው፤ እኔም በቁጥር አዋራሻለሁ።

የተሰማኝን አስቀድሜ ልንገርሽ። መሄድ መፈለግሽ አያስፈራኝም። አምስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ነገር መመኘት በ28 ዓመት ዕድሜ ጤናማ ነገር ነው። የሚያስፈራኝ 500,000ው ብር ነው። አንቺ ሁለቱን ጠቅልለሽ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ግን የማየው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ሥራ መለወጥ ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ጥሪት በሙሉ አንድ ድርጅት ላይ ማዋል ነው። የመጀመሪያው ቢበላሽ ትነሻለሽ። ሁለተኛው ቢበላሽ ግን አብሮሽ የሚወድቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ስልጠናው አዳራሽ ውስጥ አልነበረም።

ንግግር ያደረገላችሁን ሰው ስህተት ነው አልልም። ስጋትና ትርፍ አብረው የሚሄዱ መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም የፈንድ አስተዳዳሪ የሚከበረው ስለሚደፍር አይደለም፤ ደፋርማ ሞልቷል። የእሱ ዋና ሥራ «ስንት ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ድርጅት የቱንም ያህል ቢማርከው ካለው ገንዘብ ምን ያህሉን እዚያ ላይ እንደሚያውል ይመዝናል። ይህን ለራሱ ጥንቃቄ ብቻ የማይተዉ አገሮችም አሉ። በአውሮፓ ኅብረት ለሕዝብ የሚሸጡ ፈንዶች በመርህ ደረጃ ከጠቅላላ ሀብታቸው ከ10 በመቶ በላይ በአንድ ድርጅት አክሲዮን ላይ እንዳያውሉ ሕጉ ይከለክላል። አሁን የራስሽን ዕቅድ በዚህ ዓይን ተመልከቺው። ቁጠባሽ 100 በመቶ እዚያ ነው። የአባትሽ ባህር ዛፍ እዚያ ነው። የጓደኛሽ ዕቁብ እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የወር ደመወዝሽም ከዚያው ድርጅት ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ፈንድ የሚያስተዳድር ሰው በደንበኞቹ ገንዘብ ይህን ቢያደርግ ከሕግ ጋር ይጋጭ ነበር። ምክሩን ስትወስጂ ሥርዓቱንም አብረሽ ውሰጂ የምልሽ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክር፣ «በምትሠሩበት ቦታ የራሳችሁን ገንዘብ አስገቡ» ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ለእሱ ትርጉም አለው። እሱ የሚገዛውንና የሚሸጠውን የሚወስን ሰው ነው፤ ገንዘቡ እዚያ መኖሩ ለደንበኞቹ መተማመኛ ይሆናቸዋል። ከዚያም በተጨማሪ በዚያ ሙያ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክፍያ ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ በዓመት 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነበር። ዓመቱ ቢከፋ እንኳ 2 በመቶዋ አትቀርም። አንቺ ግን የምትገቢው ውሳኔው በእጅሽ ሳይሆን፣ ደንበኛ ስታመጪ የሚከፈልሽ ሆነሽ ነው። ድርጅቱን የሚመሩት ሰዎች ቢሳሳቱ ማስቆም አትችዪም፤ ኪሳራው ግን ይደርስሻል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲወድቅ የብዙ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ አብዛኛው በዚያው በኢንሮን አክሲዮን ተይዞ ነበር። ሥራቸውንም የእርጅና ገንዘባቸውንም በአንድ ሰሞን አጡ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የሒሳብ አያያዙን ያላበላሹ፣ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ።

«በወጣትነቱ የወደቀ ለመነሣት ዕድሜ አለው» የሚለውንም እናንሳው፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ሬይ ዳሊዮ የሚባል አሜሪካዊ አለ። ብሪጅዋተር የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገና በሃያዎቹ ዕድሜው እ.ኤ.አ. በ1975 አቋቋመ። በ1982 ሜክሲኮ ዕዳዋን መክፈል እንዳቃታት ስታሳውቅ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደ ከባድ ድቀት ይገባል ብሎ እርግጠኛ ሆነ። የአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦም ይህንኑ ተናገረ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የአክሲዮን ገበያው ሽቅብ ወጣ። ዳሊዮ ከሰረ፣ ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ ለቤቱ ወጪ ከአባቱ 4,000 ዶላር እስከ መበደር ደረሰ። ከዚያ ተነሥቶ ድርጅቱን ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ አደረገው። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጎላው መነሣቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን 4,000 ዶላሩ ነው። ሲወድቅ የሚያበድረው ገንዘብ በእጁ ያለ አባት ነበረው። አንቺ የአባትሽን ጥሪት በመጀመሪያው ቀን ካስገባሽው፣ በወደቅሽ ቀን ወደ ማን ነው የምትሄጂው?

እስቲ አባትሽ ራሱ እንዴት እንደኖረ አስቢ። የመንዝ ገበሬ በግ የሚያረባው በግ ስለሚወድ ብቻ አይደለም። በልጉ ይቀራል፣ ውርጭ ገብሱን ያቃጥለዋል፣ በረዶ የደረሰ ማሳ ያወድማል፤ ያን ጊዜ በጉ ገበያ ይወጣና ቤቱ ይከርማል። ገብሱ ባማረበት ዓመትም «ዘንድሮስ በጉን ሁሉ ሸጬ ዘር ልግዛበት» አይልም። አባትሽ በዚህ ጥበብ ነው አንቺን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰሽ። ባህር ዛፉም እንደዚያው ነው፤ ለሕመም፣ ለቤት ክዳን፣ ለድግስ፣ ላልታሰበ ነገር የቆመ ነው። አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለሽያጭ እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል። አባትሽ ዕድሜው ስንት ነው? አልነገርሽኝም። ወንድምሽስ ፈተናውን አልፎ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢገባ የመጀመሪያው ወጪ ከየት ይወጣል?

«ለማን ብዬ ነው ያሳደግኩት» የሚለው ቃል ልቤን ነክቶታል። እንዲህ የሚል አባት ያላት ሰው ዕድለኛ ናት። እንቢ ስትይው እንዳታሳፍሪው እሰጋለሁ፤ ስጦታውን እንደናቅሽ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በስልክ አትንገሪው። አንድ ቅዳሜ ወደ መሐል ሜዳ ውጪ፤ እናትሽም ባለችበት ተቀምጠሽ አጫውቺው። «አባዬ፣ ስጦታህን ተቀብያለሁ። ግን አሁን አትቁረጠው፤ ይቁምልኝ። ሥራው ካልሆነልኝ የምመለስበት ይሁን» በይው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ባህር ዛፉ ሳይቆረጥም ለአንቺ እየሠራ ነው። ዛፉ መቆሙን እያወቅሽ አዲስ አበባ ብትሄጂ በድርድርም በሥራም ሌላ ሰው ትሆኛለሽ።

ይህን ሁሉ የምልሽ «አርፈሽ ባንክሽ ተቀመጪ» ለማለት አይደለም። እጮኛሽ የባንክ ሥራ አስተማማኝ መሆኑን ሲነግርሽ ከፍቅር ነው፤ ግን መቅረትም ስጋት አለው፤ ስጋቱ ድምፅ ስለማያሰማ ነው የማይታየን። የአገራችን ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በዚያ ወለድ የተቀመጠ ገንዘብ እጥፍ ለመሆን ከ10 ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ የገበያው ዋጋ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝተኛ ሁሉ ምንም ሳያደርግ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ የመግዛት አቅሙ ቀለለ። ብቀር ይቆጨኛል ማለትሽ ከንቱ ፍርሃት አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባንኩ ሰለቸኝ ስትዪ የሰለቸሽ የቱ ነው? ሥራው ራሱ ነው? አለቃሽ ነው? ደመወዙ ነው? ወይስ ሌሎች ሰዎች በአንቺ ፊርማ ብድር ወስደው ሲያድጉ እያየሽ አንቺ ባለሽበት መቆምሽ? የመጨረሻው ከሆነ ይህ አዲስ ሙያ ሊያረካሽ ይችላል። አለቃሽ ወይም ደመወዙ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ባንክ፣ ወይም ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች የአንዱ የፋይናንስ ክፍል፣ በጣም ባነሰ ዋጋ ይፈታልሻል። መልሱን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሥራው ራሱ ከሆነ የሚማርክሽ፣ እንግዲህ አክሲዮኑን ወደ ጎን ትተሽ ሥራውን ብቻ እንመዝነው። ከ14,000 ብር ላይ 5,000ውን ለቤተሰብ ስትልኪ 9,000 ይቀርሻል። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶና ታክሲ ከፍሎ መኖር እንደማይቻል እኔም አንቺም እናውቃለን። በወር 10,000 ብር ይጎድልሻል እንበል። ያለሽ 280,000 ብር ኮሚሽን አንድም ብር ሳይመጣ 28 ወር ያኖርሻል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር! በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙያውን ትማሪያለሽ፣ ሰው ታውቂያለሽ፣ ካልሆነም በአምስት ዓመት የብድር ልምድ ላይ አዲስ ልምድ ጨምረሽ ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ። ያንኑ 280,000 ብር አክሲዮን ከገዛሽበት ግን የመጀመሪያው ወር ላይ ነው የሚቸግርሽ። ሥራው ያው ነው፤ ድርጅቱ ያው ነው፤ አንዱ መንገድ የሚቻል ስጋት ነው፣ ሌላው ግን አንድ መጥፎ ወር የሚያፈርሰው ነው። ቁጠባሽ ያለው ትልቁ ጥቅም ጊዜ መግዛቱ ነው።

ጊዜ ደግሞ ያስፈልግሻል፤ ምክንያቱም ገበያው ገና ልጅ ነው። አክሲዮንና የመሳሰሉት የሚገዙበትና የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ አክሲዮኑን እዚያ ለግብይት በማስመዝገብ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ስሙን የማያውቅ ሰው የሌለ፣ በቴሌብር በስልክ ብቻ መግዛት የሚቻል፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የገዙትም 47 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ለጅምር ጥሩ ነው እላለሁ፤ ሰው እየተማረ ነው። ግን አገር የሚያውቀው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ያልታወቀ ድርጅት ይዘሽ ሰው ስታሳምኚ ኮሚሽኑ በሁለትና በሦስት ወር 60,000 ይደርሳል ብለሽ አትጠብቂ። «60,000 የደረሰ ሰው ማነው? በስንት ወሩ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አዲስ ነንና ገና ማንም አልደረሰም ካሉሽ ቁጥሩ ምኞት ነው ማለት ነው።

ባንክ ውስጥ የምትሠሪውን ለራስሽ ሥሪው። አንድ ምሽት ተቀመጪና ይህን ዕቅድ የማታውቂው ሰው ያመጣው የብድር ማመልከቻ አድርገሽ መርምሪው። ደንበኛዋ የ28 ዓመት ሴት ናት፤ ገቢዋ በኮሚሽን ነው፤ የሥራ ታሪክ የሌለው ድርጅት ነው፤ የራሷ መዋጮ ቁጠባዋ በሙሉ ነው፤ የቀረው ከአባቷና ከጓደኛዋ የመጣ ነው፤ የገዛችውን አክሲዮን በቸገራት ቀን የሚገዛት ሰው አይታወቅም። «ገቢዋ ለስድስት ወር ቢቆም በምን ትከፍላለች?» የሚለውን ሳጥን ምን ብለሽ ትሞዪዋለሽ? ለብድር ኮሚቴው አሳልፈሽ ታቀርቢው ነበር?

ስለ ዕቁቡ ብዙ አልልም፤ አትንኪው። ጓደኛሽ ፈሪ ብላ ብትስቅም 70,000 ብሯን የጠየቀችሽ ቀን ሳቁ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ጓደኝነት ይበላል።

«ደንበኞችሽን ይዘሽ ነይ» ስላሉሽም በግልጽ ልናገር። የባንክ ደንበኞችን ስም፣ ሒሳብና ብድር ይዘሽ አትውጪ። በወረቀትም፣ በስልክም፣ በፎቶም። የደንበኛ ምስጢር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። አምስት ዓመት ያፈራሽው መልካም ስምሽ ግን የራስሽ ነው፤ የሚያውቅሽ ነጋዴ ራሱ ፈልጎሽ ቢመጣ ማንም አይከለክልሽም። ከመቅጠራቸው በፊት ይህን የሚጠይቁሽ ሰዎች የነገ ደንበኞቻቸውን ምስጢር እንዴት እንደሚይዙ ከወዲሁ እያሳዩሽ ነው፤ ልብ በይው።

አሁን ወደሚሠራው እንምጣ። ከሁሉ በፊት ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጪ። ይህን ዘርፍ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድ ያገኙትን ያሳውቃል። የንግድ ፈቃድ ስላላቸው ብቻ አትርኪ፤ ለዚህ ሥራ የተሰጠ የባለሥልጣኑ ፈቃድ መኖሩን፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነም ጠይቂ። ካለሽ የዓመት ፈቃድ ላይ ጥቂት ቀን ወስደሽ አዲስ አበባ ውረጂ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ቢሯቸውን እዪ፤ ከአለቆቹ ሳይሆን ከአንድ ተራ ሠራተኛ ጋር ቡና ጠጪና ደመወዝ በሰዓቱ ይገባ እንደሆነ ጠይቂ።

ከዚያ ተደራደሪ። ሠራተኛ ሲቀጠር ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። ስለ አክሲዮኑ ሳትጨቃጨቂ ሌላ ሐሳብ አቅርቢላቸው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ደመወዙ ከፍ ይበልልኝ፣ ኮሚሽኑ ዝቅ ይበል፤ አክሲዮኑን ከአንድ ዓመት በኋላ ከማገኘው ኮሚሽን ላይ እገዛለሁ በያቸው። ሰሜን ሸዋን ለእኔ ስጡኝም ማለት ትችያለሽ። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካው በዝቷል፣ በዙሪያው አቅራቢውና ነጋዴው አድጓል፤ ይህን ሕዝብ ከአዲስ አበባ ሆኖ ከሚያስብ ሰው አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚሁ ሆነሽ መሥራት ከቻልሽ የኪራዩም ወጪ፣ የእጮኛሽም ጭንቀት ግማሹ ይቀላል። ልብሽ የግድ አክሲዮን ግዢ ካለሽ ከቁጠባሽ 10 በመቶዋን፣ 28,000 ብር አድርጊው። ቢጠፋ ያንገበግብሻል፤ ግን ወንድምሽን ከትምህርት አያስቀርም። ከመክፈልሽ በፊት ግን ሥራ ብለቅ አክሲዮኑን ማን ይገዛኛል፣ በምን ዋጋ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሺ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ስለዚህ ይህ ጊዜ ሳያልፍ አንድም ብር አትክፈዪ። የተፈረመ የቅጥር ውል እጅሽ ሳይገባ ለባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤ አታስገቢ፤ ስታስገቢም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ጠብቀሽ፣ ፋይልሽን አስረክበሽ፣ በሰላም ውጪ።

እጮኛሽን ደግሞ አንድ ማታ ቁጭ አድርገሽ የሚፈራው ገንዘቡን ይሁን መለያየቱን ጠይቂው። ወንዶች ብዙ ጊዜ «ትናፍቂኛለሽ» ማለት ሲያቅተን ስለ ደመወዝ እናወራለን። ፒተር ሊንች የሚባለው ዝነኛ የፈንድ አስተዳዳሪ ማጄላን የተባለውን ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1990 ይዞ በአማካይ በዓመት 29 በመቶ ገደማ እንዲያድግ አደረገ። ከዚያ ገና በ46 ዓመቱ፣ ሁሉም ሊያቆየው እየፈለገ፣ ከቤተሰቤ ጋር ጊዜ እፈልጋለሁ ብሎ ተወው። ለአንቺ ትርፍ ማለት ምን እንደሆነ፣ 60,000ው ብር ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ቤት ለመሥራት ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ወላጆችሽን ለማሳረፍ ነው የሚለውን ሁለታችሁ ተነጋገሩ። ለምን እንደሆነ ሲታወቅ ስንት ስጋት እንደሚበቃው ለመቁረጥ ይቀላል።

የወሩ መጨረሻ እንዳያስጨንቅሽ። ቀኑ ሳይደርስ አጭር ደብዳቤ ጻፊላቸው። «ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ አክሲዮኑን ግን የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ከኮሚሽኔ ላይ ለመግዛት ዝግጁ ነኝ። በዚህ ከተስማማችሁ የቅጥር ውሉን ላኩልኝ» በዪ። ችሎታሽን ፈልገው ከሆነ ያነጋግሩሻል። «አክሲዮን ካልገዛሽ ሥራ የለም» ካሉሽ ደግሞ የፈለጉት 500,000 ብሩን ነበርና አመስግነሽ ተያቸው፤ ይህ ዘርፍ እያደገ ነው፣ ሌላ በር ይከፈታል። የጻፉልሽን መልስ ላኪልኝ፤ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናነበዋለን።